ድንጋይ ይዤ ወደ ላሊበላ

ኮምቦልቻ፣ ማለዳ

ግንቦት መጨረሻ ላይ መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ግማሽ ጆንያ ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር ይዤ ከኮምቦልቻ ተነሣሁ። የሚኒባሱ ረዳት ጆንያውን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲያነሣው ወገቡን ያዘና፣ "ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ። ድንጋይ ነው አልኩት። ወዴት እንደምወስደው ጠየቀኝ፤ ላሊበላ አልኩት። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀብኝ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ፣ "ለቀባሪው አረዱት!" ብላ ተረተችብኝ። እውነቷን ነው፤ ከአለት ቤተ ክርስቲያን ፈልፍሎ ላወጣ አገር ድንጋይ ተሸክሞ መሄድ ያስቃል።

ዘሃራ እባላለሁ፤ ሥራዬ ወለል ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ቀለም ያለው ጠጠር ይገባል፤ ሲጠነክር ፊቱ በማሽን ይፈጫል፣ የጠጠሩ ሆድ ይወጣል፣ ከዚያ እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል። የሥራው ግማሽ ጠጠር መምረጥ ነው። በዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝም፤ ቢከራከረኝም አልሰማም።

የጠራችኝ እታፈራሁ ትባላለች። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ለዓመታት ሠርታ፣ አሁን ላሊበላ ዳር በአባቷ ቦታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ አቁማለች። በስልክ፣ "ወለሉን እንደ አብያተ ክርስቲያናቱ ቀይ አድርጊልኝ" አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጭንቀቷን ነገረችኝ። አባቷ ቄስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለበት ድንጋይ በጫማ የሚረገጥ ወለል ከሆነ፣ እግሬ አይገባም ብለዋል። የገዛ ልጃቸውን ቤት ከደጅ ቆመው ሊባርኩ ነው። "አንቺ ድንጋይ ታውቂያለሽ፤ ነይና አስታርቂን" አለች። ነጩን ጠጠር የያዝኩት ለዚያ ነበር፤ ከቀዩም ከጠቡም የሚገላግላቸው መስሎኝ።

ጋሸና

ወልድያ ላይ መኪና ቀይረን ዳገቱን ስንጨርስ ብርዱ ተቀበለን። ጋሸና ከባድ መኪኖች ተደርድረው የቆሙበት ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ረቡዕ ስለነበር ያለው ሽሮና ምስር ብቻ ነው። ለእኔ ለሙስሊሟ መንገደኛ የጾም ቀን ይመቸኛል፤ የማን ሥጋ ነው ብሎ መጠየቅ የለም።

ስለ ጆንያዬ ከረዳቱ የሰማ አንድ የደላንታ ነጋዴ ተጠጋኝና ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። በውሃው ውስጥ የከበረ ድንጋይ፣ የኦፓል ፍርፋሪ ቀስተ ደመና ይሠራል።

"እህቴ፣ ይቺን ወለሉ ላይ ብትበትኚ ሰው ሰማይ ላይ የሄደ ነው የሚመስለው። ፍርፋሪ ስለሆነ በርካሽ እሰጥሻለሁ።"

"ከውሃው አውጣትና ልያት።"

"ኧረ ውሃ ውስጥ ነው የምታምረው!"

"ታዲያ ወለሉን ሐይቅ ላድርገው?"

ኦፓል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያደር ያብጥና ወለሉን ያፈነዳዋል። ይህን ስነግረው አልተቀየመም። ብልቃጡን ወደ ኪሱ መልሶ የሻዬን ከፍሎልኝ ሄደ።

ላሊበላ

እታፈራሁ ፈጣን ተናጋሪ፣ ፈጣን ተራማጅ ናት፤ ከመናኸሪያው እስከ አዳራሹ ስከተላት ትንፋሽ አጠረኝ። ግድግዳው እንደ ቀድሞዎቹ የላስታ ቤቶች በቀይ ድንጋይ ተሠርቷል፤ መስኮቶቹ ወደ ሸለቆው ያያሉ። አባቷ መምሬ አስረስ ደጁ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠዋል።

"እንደምን ዋሉ፣ መምሬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ከኮምቦልቻ ድረስ ድንጋይ ይዘሽልን መጣሽ አሉ?"

"አጥታችሁ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። "ግድግዳው ይሁን፤ አያቶቻችንም ሠርተውበታል። ግን ጫማዬን አውልቄ፣ ግንባሬን አስነክቼ የምሳለመውን ድንጋይ በጭቃ ጫማ ልርገጠው? አላደርገውም።"

"አባዬ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያኑን አልነካሁ! ከተራራ የወጣ ድንጋይ ነው!"

"እንግዲያው ያለ እኔ ግቢ።"

በጠቡ መሀል ከግድግዳው የተረፈ ቀይ ድንጋይ አንሥቼ በሚስማር ጫርኩት። ዱቄት ሆኖ ረገፈ። "እታፈራሁ፣ አባትሽ ቢፈቅዱልሽም እኔ አልፈቅድልሽም" አልኳት። ለግድግዳ ሸጋ ነው፤ ለወለል ግን ይልማል። ማሽኑ ይበላውና ጉድጓድ ይተዋል። ጠጠር ሁሉ እኩል መጠንከር አለበት፤ አለዚያ ያልበሰለ ባቄላ እንደተቀላቀለበት ንፍሮ ይሆናል። እታፈራሁ ፊቷ ወደቀ። ጆንያዬን ፈትታ ነጩን ጠጠር አየችና፣ "ይሄማ የባንክ ወለል ነው" አለች። አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። ጠጠሩ በእርግጥም ከባንክ ሥራ የተረፈ ነበር።

የይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ

በማግስቱ መምሬ ይምርሐነ ክርስቶስ ጉዳይ ስለነበራቸው መኪና ይዘን አብረን ሄድን። እኔ በአባትና በልጅ መሀል ተቀመጥኩ፤ እስክንደርስ ሁለቱም እኔን እንጂ እርስ በርስ አላናገሩም። በጥዱ ጫካ ወጥተን ዋሻው ጋ ስንደርስ ደጅ ቆሜ በውስጡ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አየሁት። ጥቁር እንጨት፣ ነጭ ልስን፣ እንደገና ጥቁር እንጨት። ጥቁሩ ነጩን ያጎላዋል። የእኔን ጆንያ የጎደለው ጥቁር እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ግን ጥቁርና ጠንካራ ድንጋይ ከየት ይምጣ?

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ካለ ማሳ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ሰማሁ። ማረሻ ድንጋይ መትቶ ነው። "መኪናውን አቁመው!" ብዬ ጮህኩ። ገበሬው ሲሳይ ይባላል፤ የተሰበረ ማረሻውን ይዞ ድንጋዩን ይራገማል። ከማሳው ዳር የተለቀመ ድንጋይ ሰው አክሎ ተከምሯል። ሲታይ አመድማ ነው። የምጠጣውን ውሃ አፈሰስኩበት፤ እርጥብ ድንጋይ ተወልውሎ የሚሆነውን ቀድሞ ያሳያልና። ጥቁሩ ወጣ፣ በውስጡ ነጭና አረንጓዴ ጠብታ ፈሶበታል። እታፈራሁ ሌላ አንሥታ አጠበች፤ የእሷ እንደ ዛገ ብረት ቀይ ነው። በሚስማር ጫርኩት፤ የተበላው ሚስማሩ ነው። ያ አላህ፣ ልቤ ዘለለ!

"ወንድሜ፣ ይህን ድንጋይ ትሰጠኛለህ?"

"መስጠት? ወስደሽ ብትገላግዪኝ መርቄ ነው የምሸኝሽ! አባቴ ለቀመው፣ እኔ ለቀምኩት፣ በየክረምቱ እንደገና ይወጣል። ይኸው ማረሻዬን ሰበረ።"

መምሬ ከመኪናው ወርደው ድንጋዩን በመቋሚያቸው ገለበጡት። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

"የላስታን ገበሬ ስንት ዘመን ያስለቀሰ ድንጋይ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲህ ተራው የሱ ነው። ይረገጥ!"

"ቀዩም፣ አባዬ?"

"ከዚሁ ማሳ ከወጣ ምን ከለከለኝ።"

ለመመለስ መኪና ውስጥ ስንገባ እታፈራሁ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ ወደ ዳር ተገፋሁ።

ደቦ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ነገሩን ለጎረቤት አወሩ። ሰኞ ጠዋት ደጁ በአህያና በድንጋይ ሞላ፤ ሰው ለደቦ ወጥቶ ነበር። ወንዶቹ በመዶሻ ይሰብራሉ፣ ሴቶቹ በወንፊት ይነፋሉ፣ እኔ አጥቤ እመርጣለሁ። የከበደኝ የማይሆነውን መጣሉ ነው። አንዷን ጠጠር ወርወር ሳደርግ፣ "የእኛን ማሳ ምን አገኘሽበት?" የሚል ይነሣል። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ማሳ የሚሆን ድንጋይ ሳልፈልግ ማለፍ አልቻልኩም። ከጆንያዬ ነጭ ጠጠር አንዲትም አልገባችም።

ባለቤቴ ሰይድ ማሽኑን ጭኖ መጣ። ለሁለት ቀን ብዬ የወጣሁት ሴትዮ ሰኔን እዚያው ተቀበልኩ። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ጠበቅን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ተዋስን፣ ፈጨን። መጀመሪያ የወጣው ግራጫ ጭቃ ነው፤ ተመልካቹ ተያየ። ውሃ ደፋሁበት። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ የዛገው ቀይ በአንዴ ብቅ ሲል "አላሁ አክበር!" ብዬ ጮህኩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሲሳይ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ "ይቺ የእኔ ናት! ማረሻዬን የሰበረችው!" አለ። ተከስክሳ እንዴት እንዳወቃት አላህ ይወቅ።

ለምረቃው አጥቢያ ሌሊቱን ዝናብ ሲዘንብ አደረ። እኔ አዲስ ወለል ላይ በጫማ የገባን ሰው በመጥረጊያ የማባርር ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ጫማ ሁሉ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። መምሬ መስቀላቸውንና ጠበሉን ይዘው መጡ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ላስቲክ ጫማቸው ሰደዱ። እሳቸው ወለሉን አዩት፣ ቀና አሉ።

"አይ፣ ይሄስ በጫማ ነው" አሉና ገቡ።

በዚያ ሁሉ ጭቃ እስከ አዳራሹ መሀል ሄዱ። ጠበሉን ረጩ፣ ባረኩ፣ ልጃቸውን ሳሙ። እታፈራሁ እየሳቀች አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። ሰይድ መወልወያውን ሲያቀብለኝ "ተወው" አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጭቃ አይቼ አላውቅም።

ወደ ቤት

በኩልመስክ በኩል ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ተራራውን ትቶ በየማሳው ዳር የተከመረውን ድንጋይ ሲቆጥር ዋለ። ነጩ ጆንያ አብሮኝ ተመልሶ ዛሬ ሱቄ በር ላይ ተቀምጧል፤ ባንክ ከመጣ አለ።

ድሮ ደንበኛ ሲመጣ ቀድሜ የማነሣው ቀለም ነበር። አሁን ጠጠር ከማሳየቴ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፤ "እዚህ ቤት ማን እንዲገባልዎ ነው የሚፈልጉት?"