በልጄ በግ የተሳሉት ስለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በደብራችን ንግሥ ዕለት ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። እኔ ግን ዛሬም የድምፅ ማጉያ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ብዙ ሰው «እርሺው፣ በግ ነው እኮ» ይለኛል። በግ ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ረስቼው ነበር።

ገንዳ ውሃ ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባለቤቴ የትራክተር ኦፕሬተር ስለሆነ መኸሩን አብደራፊ እርሻ ላይ ነው የሚከርመው። ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንድም ቃል ግን ተናግራ አታውቅም። ስሟን ስጠራት ዞር አትልም። ሲነኳት ትጮኻለች። የጭነት መኪና ጥሩንባ ከሰማች ጆሮዋን ይዛ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች።

ሰው ያላለን ነገር የለም። «ቡዳ ነው» ያለ አለ። «የእናቷ ኃጢአት ነው» ያለችም አለች። እሷን እስካሁን ሰላም አልላትም።

በመጨረሻ ጎንደር ወስጄ አሳየኋት። ያየቻት ባለሙያ ኦቲዝም መሆኑን ነገረችኝ። መድኃኒት የሚያጠፋው በሽታ እንዳልሆነ፣ በትዕግሥት ከተያዘች ግን ብዙ ነገር መማር እንደምትችል አስረዳችኝ። ከዚያ «ቤት ውስጥ እንስሳ አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንድ በግ አለን» አልኳት።

«ትቀርበዋለች?»

«ከእኔ ይልቅ እሱ አጠገብ ስትሆን ነው ዝም የምትለው።»

«እንግዲያው በእሱ በኩል እንሞክራ» አለችና ምን ማድረግ እንዳለብኝ አሳየችኝ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት። ለበግ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እያልኩ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ሳጉረመርም ገንዳ ውሃ ደረስኩ።

ሴትዮዋ ግን ልክ ነበረች። በጉን ቦራ ነው የምንለው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ነበረው። እግረ ረጅም የቆላ በግ ነው፣ ሲበዛ ጨዋ። እንስሳ አይቸኩልም፤ «ለምን አትናገሪም?» ብሎም ልጅ አያፋጥጥም። እንደተነገረኝ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ እዚያው የታሰረበት ችካል ጋ ወስጄ መዳፏ ላይ ማሽላ አደርግና «እንካ» እላለሁ። ቦራ ይበላል። መጀመሪያ ሲልሳት ትሸሽ ነበር። ኋላ ለመደችው። ወራት ሲያልፉ ግንባሯን አንገቱ ላይ ማሳረፍ ጀመረች። ጥሩንባ ስትሰማ ግድግዳውን ትታ ወደ እሱ መሮጥ አመጣች። ያለ ጩኸት ተሠርቶ የማያውቀውን ጠጉሯን፣ ቦራን አቅፋ ሠርቼ እስክጨርስ ቁጭ ትልልኝ ጀመር። ልጄን እንደልቤ የነካሁት ያኔ ነው።

የንግሡ ዋዜማ ዕለት ጠዋት ማሽላዋን ይዛ ሄደች። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት «እንካ» አለችው። ጥርት አድርጋ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የባለቤቴ አክስት እትዬ ስንዱ በአንድ ግቢ አብረውን ይኖራሉ። ሰምተው እልልታውን አቀለጡት። እኔም አብሬያቸው እልል አልኩ። ለካ እሳቸው እልል ያሉት ለሌላ ነገር ኖሯል። «ልጅቷ አፏን ከፈታች ይህን በግ ለታቦቱ አስገባለሁ» ብለው ማንንም ሳይጠይቁ በቦራ ተስለው ኖሯል፤ እኔ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

ስለት ሲሰምር በንግሥ ቀን ማስገባት የአገሩ ወግ ነው። በግም ሆነ ጥላ፣ የገባው ነገር ለጨረታ ይቀርብና ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እኔም ተስዬ አስገብቻለሁ፤ ግን የራሴን ነው።

በማግስቱ ልጄን ለእትዬ ስንዱ ትቼ ሱቅ ሄድኩ። ትራክተር የቆመበት ሰው ንግሥ አይልም፣ ምን አይልም። ለአንድ ደንበኛ የሞተር ቺንጊያ እያወጣሁ ሳለ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው የድምፅ ማጉያ ጆሮዬ ጥልቅ አለ።

«አፏ ተይዞ የኖረች ልጅ ተናግራ የገባ የስለት በግ! ግንባሩ ቦራ ነው፣ ጨምሩ ምእመናን!»

ደንበኛዬን ቺንጊያውን እንደያዘ ጥዬው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ስደርስ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ትርሲት ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆማለች። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና ትጮኻለች። ጨረታ የሚያጫርተው ሰውዬ ማይኩን አፏ ላይ ደቅኖ «በይ ለሕዝቡ አሰሚ፣ እንካ በይ!» ይላታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እትዬ ስንዱ ከጎኗ ቆመው በነጠላቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ በደስታ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉሃል ይኼ ነው።

ማይኩን ገፍትሬ ልጄን ተሸከምኳት። በጉ ግን ተሸጦ ኖሯል። የገዙት ሰሊጥ ነጋዴ አይሱዙ ላይ ሲያስጭኑት ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ በጉ የዚች ልጅ ነው። የከፈሉትን እመልስልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባዝንልሽም የስለት በግ ነው» አሉ። «ስለት መልሼ እኔ ላይ ምን እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ? ደግሞም ለሠራተኞቼ ዛሬ ላርድላቸው ቃል ገብቻለሁ።»

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ «ስለት ገብቶ አይመለስም! ተይ፣ መዓት አታምጪብን!» ይለኛል። ትርሲት ከክንዴ ለመውጣት አንገቴን ትቧጭረኛለች። እሷን ልያዝ ወይስ መኪናውን? አጥብቄ ያዝኳት። መኪናው ሄደ። ማታውን መታረዱን ሰማሁ።

ቤት ስገባ እትዬ ስንዱን «የሰው በግ ምን ብለው ይሳላሉ?» አልኳቸው።

«ወግጂ! ታቦት ይቆጣል! ልጅሽ አፏን የፈታችው በማን መሰለሽ? በበግ ነው ልትይኝ ነው?»

«አምላክ በበግ አያስተምርም ያለዎ ማን ነው?» አልኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ የደብሩን አለቃ አነጋገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። «ሰው የሚሳለው በራሱ ነው፤ በሌላ ሰው ንብረት የተደረገ ስለት አይባልም። ቀድሜ ባውቅ አስቆመው ነበር» አሉኝ። ለእትዬ ስንዱም ነገሯቸው። እውነት ነው፣ ግን ቦራ ተበልቷል።

ትርሲት በንግሡ ማግስት ማሽላዋን ይዛ ችካሉ ጋ ሄደች። መዳፏን ዘርግታ «እንካ» አለች። ጠበቀች። ደግማ «እንካ» አለች። ከዚያ ወዲያ ዝም። እንደገና ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት፣ እንደገና ስነካት መጮህ። ጎረቤቱ ግን ስንት ቀን ሙሉ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ አፍ ፈታች አሉ» እያለ ይመጣ ነበር።

ባለቤቴ ከእርሻ ሲመለስ ግልገል ይዞላት መጣ። ለወራት ዞራ አላየችውም። እኔም በየጠዋቱ ማሽላ ይዤ ከዜሮ ጀመርኩ። እትዬ ስንዱ በግልገሉ አጠገብ ሲያልፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይጸልዩ፣ ይሳሉ አላውቅም።

ሰው «ይቅር በያቸው፣ ክፉ አስበው አይደለም» ይለኛል። ክፉ እንዳላሰቡማ አውቃለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ደግ አስበው ልጄን ሲያደሟት «አይሆንም» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ይቅር አላልኳቸውም፤ ብያለሁ ብል ውሸት ነው።

ከጥቂት ሳምንት በፊት፣ እትዬ ስንዱ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጠዋት፣ ትርሲት ግልገሉ ፊት ቁጢጥ ብላ መዳፏን ዘረጋች። «እንካ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ስንት ወር የጠበቅሁት ቃል ነው። እልልታ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና፣ የሰማ ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ሮጬ የግቢውን በር ዘጋሁ።