የቦሌ ሚካኤሏ ቢጫ አበባ

የሺመቤት በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ማዕከል የደረቁ ናሙናዎችን ስትጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሺዎቹ መካከል እንቅልፍ የነሳቻት አንዲት ቢጫ አበባ ናት። ወረቀቷ ላይ «ቦሌ ሚካኤል፣ አጥር ሥር፣ ኅዳር መጨረሻ አብባ የተለቀመች» ይላል። ቦሌ ሚካኤል ደግሞ የየሺመቤት የገዛ ሰፈሯ ነው። ከተለቀመች ወዲህ አበባዋን ያየ የለምና ኃላፊዋ «ጠፍታለች ብለሽ መዝግቢ» ቢላት፣ «እግሬ እስኪዝል ሳልፈልጋት ጠፋች አልልም» ብላ ግግም አለች።

ስድስት ዓመት ወንዝ ለወንዝ ተንከራተተች። አምና ለኅዳር ሚካኤል ጉልበቷን አሟት አልጋ ስለያዘች፣ አጥሯ ሥር ያለው አረም ሳይነቀል ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድና ብትወጣ፣ አጥሩ ሥር ቢጫ በቢጫ ሆኗል። አበባዋ ካላበበች ከሌላው አረም አትለይም። ለካ ለኅዳር ሲታጠን በየዓመቱ ከቆሻሻው ጋር ነቅላ ስታቃጥላት የኖረችው የሺመቤት ራሷ ናት!

ዘንድሮ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ማለዳ፣ ጎረቤቷ በያጁ ገረመው ክብሪቱን ይዞ መጣ። የሺመቤት በርጩማዋን አጥሩ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች።

«እትዬ የሺ፣ አረሙን ልንቀልልዎ?»

«መጀመሪያ እኔን ንቀል» አለችው።