ብርድ አይገባም፣ ሙቀት ይወጣል

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ዘረጋችና «አባዬ፣ ሹራብ ያሞቃል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ስትለኝ ሶፋው እሾህ አበቀለብኝ። ተነሳሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ ውኃ ልጠጣ ሄጄ ሳልጠጣ ተመለስኩ። ሚስቴ «ምን ነካህ? ተቀመጥ እንጂ!» አለችኝ። በምን ልቤ ልቀመጥ፤ ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ስሸሸው ኖሬ በገዛ ሳሎኔ ያዘኝ።

ጌጃ ሰፈር ሳድግ ሳይንስ ያስተማሩን ቲቸር ሰይድ የሚባሉ ወጣት ወሎዬ ነበሩ፤ ከመቅጠናቸው የተነሳ በጎን ሲቆሙ ከያዙት ጠመኔ የምንለያቸው በቡናማ ሹራባቸው ብቻ ነበር። ስለ ሙቀት ማስተማር ሲጀምሩ መጀመሪያ ያደረጉት «ብርድ ገባ» ማለትን መከልከል ነው፤ ያመለጠው ተማሪ ቆሞ ይማራል። «ብርድ እግር የለውም፣ አይገባም! ሙቀት ነው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው የሚሄደው» ይላሉ። የዴስኩን እንጨት፣ ቀጥሎም ብረቱን አስነክተው «የቱ ይቀዘቅዛል?» ሲሉን፣ «ብረቱ!» ብለን የጮህነው ጩኸት የልደታ ማርያምን እርግቦች አስነስቶ ሜክሲኮ አደባባይ አድርሷቸዋል። «እጃችሁ ዋሸ! ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ብረቱ የእጃችሁን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድባችሁ ነው» አሉን።

እኔ ደግሞ ከትምህርቱ የሚገባኝ የሚጠቅመኝ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ጥቅምት፣ እናቴ የገዛችልኝን አዲስ ሹራብ ጎል አድርጌ ኳስ ስጫወት ጠፋብኝ። እማዬ «ሹራብህስ?» ስትለኝ ቅንጣት ሳላፍር «ቲቸር ብርድ የሚባል ነገር የለም ብለውናል፤ ሹራብ ምን ያደርግልኛል?» አልኳት። ሦስት ቀን በሸሚዝ ዋልኩ፤ ከዚያ ሳል ያዘኝ፤ ስስል የጎረቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአራተኛው ቀን እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን በክንዴ እየጎተተች፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ልጄን የሚገድል አስተማሪ ነው ያስቀመጣችሁልን?»

ቲቸር ሰይድ ተጠሩ። ገና በሙከራ ላይ ያሉ መምህር ነበሩ፤ ዳይሬክተሩ ነገሩ እውነት ከሆነ ከነገ ጀምሮ ክፍል እንደማይገቡ በፊቴ ነገሯቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሚጠበቅብኝ «ጠፍቶብኝ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ሰፈሩን ሁሉ ያሰለቸው ምላሴ ግን ያን ቀን ሥራ ፈታ። ቲቸር አየት አደረጉኝ፤ የገባቸው ይመስለኛል።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ፤ ትምህርቱን ሳልጨርስ ነው የለቀቅኳቸው» አሉና ሹራባቸውን አውልቀው አጠለቁልኝ። «ሹራብ አያሞቅም፤ ያንተኑ ሙቀት እንዳይወጣ ይይዝልሃል። የቀረው ትምህርት ይኸው ነበር።»

እጅጌው ጉልበቴ ደረሰ። እማዬ ቁጣዋን ረስታ መረቀቻቸው፤ ዳይሬክተሩም በማስጠንቀቂያ አለፏቸው። ከዚያ በኋላ ጥቅምትንም ኅዳርንም በስስ ሸሚዝ፣ አንድ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በሌላው እየጻፉ አስተማሩን፤ ለካ ሌላ ሹራብ አልነበራቸውም። እኔም በየቀኑ የሳቸውን ለብሼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ፣ ሰፈር ለቀቅኩ፣ ሚስት አገባሁ፣ ወፈርኩ።

ለልጄ «ሐሰት ብለሽ ጻፊ» አልኳትና ዛሬ ጠዋት እግሬ አላስቀምጥ ቢለኝ፣ ቲቸር ተከራይተው ይኖሩበት ወደነበረው ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ግቢው የለም፤ ቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሰፈራችንን በሙሉ የሚውጥ ጉድጓድ። ዘበኛው «ሁሉም ተነስተዋል ጋሼ፤ ማን የት እንደገባ አይታወቅም» አለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለማላውቀው ሰው ከሀ እስከ ፐ አወራሁለት፤ ሹራቤን ራሴ እንደጣልኩት፣ እንደዋሸሁ፣ ዝም እንዳልኩ። ዘበኛው ከልቡ አዳመጠኝ፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ዞር ብሎ በደንብ አየልኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ስቀጠር እዚህ ምንም ሹራብ አልነበረም» አለኝ።