የመውጫው ደም

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ የዋግምት ቀንድ ሲሸጥ ባይ፣ አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ ጆሮ ግንዴ ሄደ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ራሷን ቢያማት፣ ዋግምት የሚያግሙት ጎረቤታችን አዛውንት ጆሮ ግንዷን በጡ። ቀንዱን ሳይደፉበት ደሙ ዘሎ ነጠላዬን ነካ። ጋብ አለና ደግሞ ዘለለ። በአውራ ጣታቸው ደፈኑት።

«እጅሽን ደረቷ ላይ አድርጊ» አሉኝ።

ልቧ በመታ ቁጥር ደሙ ጣታቸውን ከሥር ይገፋ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልሳተ።

«አየሽ ልጄ፣ ከልብ የሚወጣው ደም ይዘላል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ዝግ ብሎ ይፈስሳል። እኔ የቆረጥሁት የመውጫውን ነው።» ፊታቸው አመድ መሰለ።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እንግዲያው ያችን ጣት ለኔ ይተዉልኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጣታቸውን አላነሡም። እኔም እጄን ከደረቷ አላነሣሁም፤ ልቧ ቢቆም ማን ይነግራቸዋል ብዬ።