እስከ አሥር ሳትቆጥር

እኔና ጉንዳን በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የበሽተኞች ካርድ የተደረደረበት መደርደሪያ ጣሪያ ይነካል፤ ከላይኛው ረድፍ ለማውረድ መሰላል ያስፈልጋል። መሰላሉ ላይ የምትወጣው ሁልጊዜ እሷ ነበረች። በልጅነቷ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ታላቅ እህቷ «ጉንዳን» የሚል ስም አወጡላት፤ በዚህ ስም የሚጠሯትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ታሪኳን ልጽፈው ነው ስላት «በዚያው ስም ጻፊው» አለችኝ።

እህትየው፣ እሷ «እትዬ» የምትላቸው፣ የሰዋስው መምህርት ነበሩ። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ጉንዳን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያሳደጓት፣ ፀጉሯን የጎነጎኑላት፣ ደብተሯን የሸፈኑላት እትዬ ናቸው። ትዳር ሲመጣላቸው «መጀመሪያ ይቺን ላድርስ» ብለው መለሱት፤ እሷን ባደረሱ ጊዜ ሰውየው ሌላ አግብቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላልስ ነበር። ሰውን ንግግሩ መሃል አስቁመው የሚያርሙ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ «ዛሬ ብዙ ሕፃናቶች መጥተው» ብዬ ወሬ ስጀምር ሻዩን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙና «ሕፃናት በይ፣ ካልሆነም ሕፃኖች በይ፤ ምን በወጣቸው ሁለት ካፖርት ትደርቢባቸዋለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል ሳልፈራ ተናግሬ አላውቅም።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ጠዋት ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። እግራቸው ቀስ በቀስ መለስ አለ፣ ቀኝ እጃቸው እንደ ደከመ ቀረ፣ ንግግራቸው ግን ሄደ። የሚሏቸውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ ቃሉ ብቻ አይወጣም። «ምላሴ ላይ ነው» የምንለው ነገር አለ አይደል? እሳቸው ዘንድ ቋንቋው በሞላ ምላሳቸው ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ሰው ሲያርም የኖረ አፍ «እ… እ…» ብሎ ሲቆም ማየት ያስለቅስ ነበር።

ክሊኒካችን ማክሰኞና ሐሙስ የምትመጣ የንግግር ሐኪም ነበረችው። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እትዬን መስተዋት ፊት አስቀምጣ ከንፈራቸውን እንዲያዩ ታደርጋለች፣ ድምፁን እንደ ዜማ ትስባለች፣ ቁጥር ታስቆጥራለች። ሥራው ቀርፋፋ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ተደክሞ «መ» ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው «መ» ተመልሶ ይጠፋል። ጉንዳን ደግሞ ቀርፋፋ ነገር አይሆንላትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላ አየኋት። «ነይ እስኪ እይ» አለችኝ። ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ ማንም ሰው የስልክ አፕ የሚሠራበት ድረ ገጽ ነበር። ሥዕሉን ይዞ ጎትቶ የፈለጉት ቦታ ማስቀመጥ፣ «ይህ ሲነካ ይህ ድምፅ ይሰማ» የሚለውን ከዝርዝር መምረጥ፣ አለቀ። ጉንዳን ኮምፒውተር የመማር ምኞት ነበራት፤ ነጥቧ ስላልሞላ ነው ካርድ ክፍል የገባችው። ያን ቀን ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ብርሃን በአሥራ አንድ ዓመት አይቼው የማላውቀው ነው።

በሦስት ሳምንት ሠራችው። ገጹ ላይ ከሥራቸው ቃል የተጻፈባቸው ትልልቅ ሥዕሎች አሉ፤ ብርጭቆ ሲነኩ «ውሃ ስጡኝ»፣ መስኮት ሲነኩ «መስኮቱን ክፈቱልኝ» ይላል። ድምፁ የራሷ ነው። የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ ካፖርት መሃል ቆማ ነው የቀዳችው። እትዬ መጀመሪያ «ውሃ»ን ሲነኩ ስልኩ በእህታቸው ድምፅ ተናገረ፤ ደነገጡ፣ ደግመው ነኩ፣ ከዚያ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

አንዷን ሥዕል ግን እምቢ አሉ። ሐኪም የምትጠራዋ ነች። ጉንዳን እጃቸውን ይዛ ብታስጠጋቸው ይነጥቋታል። ምን ሆኑ ብላ ተጨነቀች። በመጨረሻ እትዬ በግራ እጃቸው እርሳስ ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ጻፉ፦ «ሐ»። ለካ ጉንዳን «ሀኪም» ብላ በሃሌታው «ሀ» ጽፋ ኖሯል! ሲስተካከልላቸው በደስታ ነኩት፤ ሐኪም ግን አላስፈለጋቸውም ነበር።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወሬ ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። እሷ ስትመጣ እትዬ ትንሽ ያዳምጡና «ደክሞኛል» የምትለዋን ሥዕል ይነካሉ። ልብስ ሰፊዋ «ውይ፣ ይረፉ በቃ» ብላ ትነሳለች፤ በሩ ሲዘጋ እትዬ ይስቃሉ። ይህን ሁሉ ጉንዳን ጠዋት ጠዋት ትነግረኝና ሁለታችን እንንከተከታለን።

የንግግር ሐኪሟ አፑን አይታ አመሰገነች። ቀጥላ ግን እንዲህ አለቻት፦ «ስልኩን ከመስጠትሽ በፊት በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አፋቸው ላይ የመጣ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ጠብቂላቸው። ካልመጣ ያን ጊዜ ስልኩን ስጪ።» ጉንዳን «እንደዚያ አደርጋለሁ» አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

አላደረገችም። በክፋት አልነበረም። ከሥራ ደክማ ትገባለች፣ እህቷ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲታገሉ ማየት አንጀቷን ይበላዋል፣ ስልኩ ደግሞ እዚያው ነው። እስከ ሦስት ሳትቆጥር ታቀርብላቸዋለች።

ከዚያ ወሬው ተሰማ። አባቱ የማይናገርለት ሰው መጣ፣ የክሊኒካችን ጥበቃ ሚስት መጣች፣ ሌሎችም ተከተሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አፕ ትሠራለች፣ ድምፃቸውን ልትቀዳ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ትሄዳለች። አሥራ አራት ቤተሰብ ደረሱ። የክሊኒኩ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አስነስቶ «የቤታችን ኢንጂነር» ብሎ አስጨበጨበላት። እኔም «አንቺ እኮ ሊቅ ነሽ!» እያልኩ አሞቅኋት፤ ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት።

እትዬን ለንግግር ሕክምና ማምጣት ለልብስ ሰፊዋ ተተወ። ጥቂት ሳምንት አመላለሰቻቸው። አንድ ሐሙስ «ሐኪሟ በሚቀጥለው ራሷ ትምጣ ብላለች» ስትላት ጉንዳን «ሳምንት እሄዳለሁ» አለች። ሳምንት ሌላ ሳምንት ወለደ። ልብስ ሰፊዋም የራሷ ሥራ በዛባትና መሄዱ ቀረ። «አፑ አለ አይደል» ትል ነበር ጉንዳን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ቤተሰብ አፕ እያስተካከለች ሳለ እትዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው «ጉ…» አሉ። ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። «ጉ… ጉ…»

«ጉሮሮሽ ደረቀ እትዬ?» አለች፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ ስልኩን ወደ እጃቸው ገፋችላቸው።

እትዬ አፋቸውን ዘጉ። ስልኩን ጥቂት አዩትና የብርጭቆውን ሥዕል ነኩ። ውሃውን አመጣችላቸው። እስከ ጭላጩ ጠጡት።

ይህን ያኔ አልነገረችኝም። መናገር የሚገባው ነገር መሆኑን ራሷም አላወቀችም።

የድረ ገጹ ባለቤቶች ሥራቸውን ሊያቆሙ እንደሆነ ሦስት ጊዜ በኢሜይል ጽፈውላት ኖሯል፤ ደብዳቤው ከማስታወቂያው ጋር ተደባልቆ ሳይከፈት ቀረ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኳ መጮህ ጀመረ። የጥበቃው ሚስት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አፑ ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ሥዕሉም ድምፁም የለም። አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ብታማክር «ዕቃውን ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ ቤቱ ግን የሰው ነበር። ባለቤቱ ሲዘጋው ዕቃሽም አብሮ ተዘጋበት» አላት።

ቤት ስትደርስ እትዬ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነጩን ገጽ በግራ ጣታቸው ይነካሉ። ይነካሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይነካሉ። ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ጉንዳን እግራቸው ሥር ተንበርክካ «እትዬ፣ በአፍሽ ሞክሪ እስኪ፤ ምንድን ነው የፈለግሽው?» አለቻቸው። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። «መ»ም አልወጣም።

በማግስቱ ወደ ንግግር ሐኪሟ ልትመልሳቸው ካርዳቸውን ልታወርድ መሰላሉ ላይ ወጣች። በቀን ሁለት መቶ ካርድ የምታወጣ ሴት የገዛ እህቷን ካርድ ከፍታ አታውቅም ነበር። እዚያው ቆማ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች። ሐኪሟ «ራሷ ትምጣ» ያለችበት የዚያ ሐሙስ ማስታወሻ ነው፦ «ዛሬ ሁለት ጊዜ በግልጽ ‹ጉን› ብለዋል። የሰው ቅጽል ስም ይመስለኛል፤ ሲሉት በሩን ያያሉ። እህት አብራ ብትገባ በጣም ይረዳል።»

ከመሰላሉ አልወርድ ስትል ቀና ብዬ አየኋት። ካርዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ስሜን ጠርታኝ ነበር» አለች። «እኔ ውሃ ሰጠኋት።»

ሐኪሟ ልታጽናናት ሞከረች። «በስልኩ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም» አለቻት። «ስልክ ይዞ መናገር የጀመረ አለ፤ ያለ ስልክም ዝም ብሎ የቀረ አለ። አፑ ጥሩ ነበር፤ ብዙ ሰው ረድቷል።»

«ታዲያ ምንድን ነው ጥፋቱ?»

ሐኪሟ ካርዱን አየች። «መጠበቅ ነበረብን» አለች።

«‹ነበረብን› ያለችው አዝናልኝ ነው» ትላለች ጉንዳን። «እሷማ ነግራኝ ነበር።»

ለአሥራ አራቱ ቤተሰብ በሌላ ድረ ገጽ እንደገና ሠራችላቸው። ሁለት ወር ፈጀባት፤ አሁን የእያንዳንዱን ድምፅ ቅጂ ራሷ ዘንድ ታስቀምጣለች። ለእትዬም ሠርታለች፤ ግን ማክሰኞም ሐሙስም ፈቃድ ወስዳ አብራቸው ትገባለች፤ ቤት ውስጥም ስልኩ ቅርብ ሆኖ እሷ ትጠብቃለች፣ ትቆጥራለች። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እትዬ ዛሬ ስድስት ቃል አላቸው፦ «አዎ»፣ «ውሃ»፣ «ነይ»፣ «በቃ»፣ «ነገ»፣ «እሺ»። በዜማ ከሆነ እስከ ሰባት ይቆጥራሉ። «ጉን» ግን አልተመለሰም። መስተዋት ፊት ሐኪሟ ስትስበው ከንፈራቸው ይሞጠሞጣል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ባለፈው እሑድ የደከመውን እጃቸውን ይዛ ጥፍራቸውን ስትቆርጥላቸው ድንገት አቆመች። መቁረጫውን አስቀምጣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «ስትጠሪኝ አልሰማሁሽም።»

እትዬ አዩዋት። ጉንዳን ቆጠረች። አሥር አለፈ፣ ሃያ አለፈ፣ ሠላሳ አለፈ። ዓይናቸውን ከዓይኗ አልነቀሉም።

«እሺ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ይህን ስትነግረኝ «ታዲያ ይቅር አሉሽ እኮ!» ብዬ እጇን ያዝኩ። እሷ ግን አልተደሰተችም።

«ያላት ቃል ስድስት ነው» አለችኝ። «ይቅር ብላኝ ይሁን፣ ወይስ የፈለገችውን አጥታ ያገኘችውን ሰጥታኝ፣ እንዴት ብዬ ልወቀው?»