የሰይድ አንደኛ ምርጫ

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሰይድ ከሸዋ ሮቢት ደወለልኝ። ልጁ ሐያት ምህንድስና ልታጠና ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ምርጫ ግን እሷና እናቷ አልተስማሙም።

«ና እንጂ አለቃ፣ ከኛ መሀል ተምሮ የጨረሰው አንተ ነህ» አለኝ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወረድኩ። ጣርማ በርን አልፈን ጉሙ ከኋላችን ሲቀር ተሳፋሪው ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ዘጋቢ ነኝ፤ ሁለት ምንጭ ያላረጋገጠልኝን አልጽፍም። የዚህ ነገር ምንጭ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ፣ ከሰይድ ጋር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንማር፣ የክፍል አለቃ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላው በፎርም ላይ በእጅ ነበር፤ ሥራ ይዞት የቀረ ተማሪ ካለ አለቃው ይሞላለታል። ፎርሙ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ሰይድን ፍለጋ ወንዝ ዳር ወዳለው እርሻቸው ሄድኩ። ግንቦት ነው፤ አፈሩ በጫማ በኩል ያቃጥላል። ሰይድ በማግስቱ ለሚመጣው አይሱዙ ሽንኩርት በጆንያ ይሞላል።

«አንተ ሙላልኝ። ጽሕፈትህ እንደ መልክህ አይደለም፣ ያምራል» ብሎ ሳቀ። «አንደኛ የደጋውን፣ ሁለተኛ የሩቁን።»

የደጋው በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት አይፈጅም። የሩቁ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

እናቱ እትዬ ዘሃራ የሽንኩርት ልጣጭ ከቀሚሳቸው እያራገፉ ቀና አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያሏቸው ሰይድና ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ናቸው።

«አደራ ልጄ፣ ቅርብ አድርግልኝ። ጠዋት ብልክበት ለአሱር ሶላት የሚደርስ ይሁን» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» አልኩ።

በማግስቱ በሰይድ ፎርም ላይ አንደኛ ብዬ የሩቁን ጻፍኩ፤ በኔም ላይ እንዲሁ። ለምህንድስና የሩቁ ይሻላል ይባል ስለነበር ለሱ ማሰቤ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ፣ ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ነበር።

ሁለታችንም እዚያው ተመደብን። ሰይድ የዩኒቨርሲቲውን ስም ደጋግሞ አነበበና «አላህ ያለው ነው» አለ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ እናቱ ማረፋቸው በስልክ ተነገረው። አብሬው ተነሣሁ። በእስልምና ቀብር አይቆይም፤ እትዬ ዘሃራ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኛ ሸዋ ሮቢት የደረስነው በማግስቱ ማምሻውን ነው። ሰይድ በመቃብሩ ራስጌ የተተከለውን ድንጋይ ይዞ ብዙ ቆየ። እህቶቹን ትቶ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም።

አሁን የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። እሑድ ዕለትም እንደ ወትሮው መናኸሪያ ወጥቶ ተቀበለኝ። ሱቁ ውስጥ ሐያት የምርጫውን ፎርም በስልኳ ከፍታ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ የቱን ላስቀድም?» አለችኝ።

በኔ ሙያ የተሳሳተ ዜና በማግስቱ ይታረማል። የኔ እርማት ግን ይህን ሁሉ ዓመት ዘገየ። በልጁ ፊት፣ የሆነውን በሙሉ ለሰይድ ነገርኩት።

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«እናቴ ‹በፊቴ ሌላ ብለህ ከኋላዬ የሩቁን አስሞላህ፣ ልትርቀኝ ፈልገህ ነው› ትለኝ ነበር» አለ። «ምደባው ነው እያልኩ እምልላት ነበር። አላመነችኝም።»

ወደ ልጁ ዞረ።

«ሐያት፣ አንቺው ሙዪ። እናትሽም አትንካው፣ እኔም አልነካውም፣ እሱም አይንካው።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ብቻዋን ሞልታ ላከችው። ሰይድ ፓምፑ ላይ እንዳጎነበሰ ነበር፤ ልሸኝህ አላለኝም። መናኸሪያ የሚያደርሰኝን ባጃጅ የጠራችልኝ ሐያት ናት። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሣ።