ሃርድ ዲስኩን የምትነቅለው ሴት

ልጅ ሳለች አዋሽ ሞልቶ፣ ቆቃ አጠገብ የነበረውን የወላጆቿን ቤት ጠርጎ ወሰደው፤ ያደገችውም በየዘመዱ ቤት እየተጠጋች ነው። ዛሬ ሃምሳን አልፋለች፤ ጥቁር ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም። የራሷ ኮምፒውተር ስለሌላት፣ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ፣ ጫምሳ የተባለ ወጣት በከፈተው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ከኮምፒውተሮቹ በአንዱ ትሠራለች።

ዛሬ የመጣችው ፍላሽዋ ላይ ሊኑክስ የተባለውን፣ ኮምፒውተር የሚነሣበትን ሥርዓት ልትጭን ነው። ከዚህ በኋላ ፍላሹን የትም ሰክታ፣ የማንንም ፋይል ሳትነካ ትሠራለች። ችግሩ፣ ስትጭን በፍላሹ ፋንታ የኮምፒውተሩን ዲስክ ከመረጠች የጫምሳ ደንበኞች ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል፤ ቅጂም የለውም። ስለዚህ ክዳኑን ፈትታ ሃርድ ዲስኩን ነቀለችና ለጫምሳ አስረከበችው።

«ኧረ አዴ፣ ልቡን አወጡት እኮ! እኔ እንደሆንኩ አምንዎታለሁ።»

«እኔ እጄን አላምነውም። ያዝልኝ።»

ጭና ስትጨርስ ዲስኩን መልሳ ሰካች። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የደንበኞቹም ፋይል አንድ ሳይጎድል ተገኘ። ያኔ ገና ወንበሩን ተደገፈች።

«ምን እንዲህ ያስጨንቅዎታል?» አላት ጫምሳ።

«ልጄ፣ ሰው ጋ መጠጋት አያሳፍርም። ትልቁ ነገር፣ ስትወጣ ባለቤቱ ‹ምነው ባላስገባኋት› አለማለቱ ነው።»